ያለሰለስሁት ደብዳቤ

ጀርመንኛ የተማርሁት ከበቅሎ ኋላ ነው። አስተማሪ አልነበረኝም፣ ደብተርም አልያዝሁም። በጉልምስናዬ አንድ ጀርመን ሰሜን ተራራ ላይ ሣር ሊያጠና መጥቶ በቅሎና ነጂ ፈለገ፤ ሁለት በቅሎ ነበረኝና ተቀጠርሁ። ሰውየው ብቻውን ማውራት ይወድ ነበር። ከደባርቅ ሳንቃበር፣ ከሳንቃበር ጊች፣ ከጊች ጨነቅ፣ እሱ ፊት ፊት እያወራ እኔ ኋላ ኋላ እየሰማሁ ዓመታት ሄዱ። መጀመሪያ ዳቦውን፣ ውሃውን፣ ገመዱን ያዝሁ። ቀጥሎ ስድቡን ያዝሁ። ከዚያ በኋላ የሚለው ሁሉ ይገባኝ ጀመር። እስከ ዛሬ ግን አንዲት የጀርመን ፊደል አላነብም። አማርኛውንም ቢሆን የቄስ ትምህርት ቤት ባስጨበጠኝ ልክ እንደ አሮጌ በሬ ቆም ቆም እያልሁ ነው የማነበው። ይህንንም የምጽፈው በዚያው አካሄድ ነው።

ሰውየው ሣሩን አጥንቶ ሲጨርስ አገሩ ገብቶ ከሚስቱ ጋር ትንሽ ድርጅት ከፈተ። በእግር መሄድ የሚወዱ ጀርመኖችን እየሰበሰበ በየዓመቱ ወደ ተራራችን ይልካል። ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን የሚሸከሙት የደባርቅ ባለበቅሎዎች ማኅበር በቅሎዎች ናቸው። እሱ ራሱ ጉልበቱን ታሞ መምጣቱን ተወ፤ ደብዳቤ ግን ይጽፋል፣ በጀርመንኛ። እንግሊዝኛ አይወድም። «አንተ እዚያ እያለህ በሰው ቋንቋ ለምን እቸገራለሁ?» ይለኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው ወኪል ደግሞ፣ መኪናውን፣ ሆቴሉን፣ ፈቃዱን የሚጨርሰው እሱ ነው፣ ነገሩን በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ካልላካችሁልኝ ውል አልዋዋልም አለ። እንግሊዝኛ የማልችለው ሰውዬ እንግዲህ መካከል ላይ ቀረሁ።

በመጀመሪያ የማኅበሩ ጸሐፊ በስልኩ ሞክሮት ነበር። ስልኩ ጀርመንኛውን ወደ እንግሊዝኛ ገለበጠ፣ ጸሐፊው እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ ገለበጠ፣ ከዚያ በስብሰባ ላይ ተነበበ። «አሁን ቅቤውን ወደ ዓሦቹ» ይላል።

ሊቀመንበራችን ወረቀቱን ተቀብሎ በጀርባውም በፊቱም አየው። «ዓሣ ከየት እናምጣለት?»

«ከጎርጎራ ይመጣል» አለ አንዱ።

«ቅቤውስ? የሚመጡት በሁዳዴ ነው እኮ!»

«እነሱ ምን ሁዳዴ አላቸው?»

«እነሱ ባይኖራቸው የሚያበስልላቸው የእኛ ሰው አይደለም? በጾም እጁን ቅቤ ሊነክር ነው?»

ቅቤው ከዳባት ገበያ ይገዛ፣ የሚያበስለውም ሰው ንስሐ አባቱን ያማክር እስኪባል ድረስ ኋላ ተቀምጬ ሰማኋቸው። ከዚያ ተነሣሁ። «ሰውየው ምንም ቅቤ አልፈለገም። አትዙሩ፣ ዋናውን ነገር ተናገሩ ነው የሚላችሁ።»

«ታዲያ እንዲያ አይልም?» አለ ሊቀመንበሩ።

«እንዲያ ነው እኮ ያለው።»

ያንኑ እንግሊዝኛ ለወኪሉም ልከውለት ኖሮ፣ «ይህ የውል ደብዳቤ ነው ወይስ የወጥ አሠራር?» ብሎ መለሰላቸው። ማኅበሩ አፈረ። ከዚያ ወዲያ ጀርመንኛው በእኔ ጆሮ፣ እንግሊዝኛው በሚያውቅ ሰው እጅ ይለፍ ተባለ።

እንግሊዝኛ የምታውቅ ሰው የተገኘችው ዳባት ነው። የደባርቅ ልጅ ናት፤ ዳባት ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስታስተምር ጸጉሯ የሸበተ፣ ጡረታዋ የደረሰ መምህርት። እኔ በሚኒባስ እወርድና መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እንገናኛለን። ሥራችን እንዲህ ነበር። ደብዳቤው በኢሜይል ይመጣል፣ ደባርቅ ከፎቶ ኮፒ ቤት ይታተማል፣ እኔ በኪሴ አጥፌ እወስደዋለሁ። እሷ ጀርመንኛ አታውቅም፤ ፊደሉ ግን የእንግሊዝ ፊደል ስለሆነ ድምፅ ታወጣለታለች። ንባቧ እንደሚያነክስ በቅሎ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማታለሁ፣ ቃሉን አስተካክዬ እደግመዋለሁ፣ ሲገባኝ በአማርኛ እነግራታለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ማንበብ የምትችለው አይገባትም፣ የሚገባኝ ማንበብ አልችልም። ሻይ ቤት ያሉ ሰዎች መጀመሪያ ላይ ድግምት የምንደግም መስሏቸው ነበር።

ቀላል አልነበረም። ጀርመኑ በጎ ሰው ነው፤ ነገሩን ግን በቀጥታ ቃል አያወጣም። ሥራው በደንብ ይለቅ ሲል፣ ምስማሩን ከነራሱ እንሥራው ይላል። ነገር አታጋንኑ ሲል፣ ቤተ ክርስቲያኑን መንደሩ ውስጥ ተዉት ይላል። ይህችን ይዛ መምህርቷ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ሻይ አቀዘቀዘች።

«አባቴ፣ ቤተ ክርስቲያን ብዬ ከጻፍሁ ወኪሉ ምን ይላል?»

«የት ያለው ደብር ነው ይላል።»

«እንግዲያውስ ቃሉን ይተዉልኝና ሰውየው ምን ፈልጎ እንዳለው ይንገሩኝ።»

«ዋሊያ አንድ ጊዜ አይታችሁ አሥር አየን አትበሉ ነው የፈለገው።»

ሳቀች፤ ጻፈችና አነበበችልኝ። ከአንድ መስመር ግማሽ አትሞላም። «እንግሊዝ ይህን ሲያነብ የሰው አገር ሽታ አይሸተውም» አለችኝ። ለእሷ ትልቁ ነገር ይህ ነበር፤ ወረቀቱ ከሌላ ቋንቋ እንደ መጣ እንዳይታወቅ። የእንቁላሉ አስኳል አይደለም ያለውን፣ «ደህና ነው፣ ግን እንደ ጠበቅነው አይደለም» አደረገችው። አንድ ጊዜ ብቻ ተሟገትኋት። በቅሎዎቹ ልባቸውና ኩላሊታቸው ይመርመር ብሎ ጽፎ ነበር፤ እኔ ይህን ስሰማ ከቤተ ክርስቲያን የማውቀው የአባቶች አነጋገር ስለሆነ ደስ አለኝ፣ እንዳለ ይጻፍ አልሁ። እሷ፣ «አባቴ፣ ወኪሉ ሐኪም ቤት የኩላሊት መሣሪያ ይፈልግ እንደሆነ ነው» ብላ «በጥንቃቄ» በሚል ቃል ዘጋችው። ተሸነፍሁ፤ ልቤ ግን አልወደደውም።

ከዚያ መንገድ መዘጋት መጣ። ጦርነት መጣ፣ ሰላም ነው ተባለ፣ እንደገና ተዘጋ። ፈረንጅ ጠፋ። በቅሎ ሥራ ፈትቶ ይበላል፤ የማኅበሩ ሰው ግማሹ በቅሎውን ሸጠ። ለፓርኩ ሲባል ከጊች ወርደው ደባርቅ የሰፈሩት እርሻ እንኳን አልቀረላቸውም፣ ተስፋቸው ተራ ደርሷቸው ጭነት ማግኘት ነበር። ከእነሱ አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ያላት አንዲት በቅሎ ናት። ስብሰባ ላይ ከበሩ አጠገብ ትቀመጣለች፣ ብዙ አትናገርም፣ ሁልጊዜ የምትጠይቀው ይመጣሉ ወይ የሚለውን ብቻ ነው።

ዘንድሮ መንገዱ ተከፍቶ በጥቅምት የጀርመኑ ደብዳቤ መጣ። ሁለት ገጽ ነው። ደስ ብሎኝ ወደ ዳባት ወረድሁ። መምህርቷ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ስትደርስ ደስታዬ አለቀ። «ንጹሕ ወይን ልቅዳላችሁ» ይላል። ይህን ሲል አውቀዋለሁ፤ ውሃ ያልገባበት እውነት ሊናገር ሲዘጋጅ ነው።

የቀዳልን ይህ ነው። መንገዱ ሳይዘጋ መጨረሻ የመጡት እንግዶች ጀርባዋ የገጠበ በቅሎ ደሟን እያንጠባጠበች ጭነት ይዛ ስትወርድ አይተዋል፤ ፎቶ አንሥተዋል፤ አገራቸው ገብተው ከእንግዲህ ከእሱ ጋር አንሄድም ብለዋል። «ገጣባ በቅሎ አይጫንም ብላችሁ ሁለት ጊዜ ቃል ገባችሁልኝ፣ ሁለት ጊዜም አታለላችሁኝ። እንዲያውም ያቺ በቅሎ የሊቀመንበራችሁ ናት።» እስከ ኅዳር መጨረሻ የእንስሳት ሐኪም እያንዳንዱን በቅሎ አይቶ ይፈርም፣ ገጣባው ከተራ ይውጣ። ነገሩን ረጅሙ አግዳሚ ላይ አታስቀምጡት፣ ማለት አታቆዩት። ይህ ከሆነ በጥር ሁለት ቡድን ይልካል፣ የሦስት ዓመትም ውል ይፈርማል። ካልሆነ እንግዶቹን ይዞ ሌላ አገር ይሄዳል።

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ጠበቀችኝ።

«ሰላምታ ያቀርባል» አልኋት። «ውሉን ለሦስት ዓመት ሊያድስ ያስባል። በጥር ሁለት ቡድን ይመጣል። በቅሎዎቹን ሐኪም ቢያያቸው ደስ ይለዋል፤ ቢፈጥን መልካም ነው ይላል።»

ጻፈች። ከዚያ ቀና አለች። «ይኸው ነው?»

«ይኸው ነው።»

«ያነበብሁት ሁለት ገጽ ነው እኮ።»

«ጀርመን ቃል ያበዛል።»

«አባቴ፣ አምና ጀርመን ቃል ይቆጥባል ነበር ያሉኝ።»

ሻዬን ጨልጬ ተነሣሁ። ሚኒባሱ ሊሞላ ነው አልሁ። ሚኒባሱ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁ።

ለምን እንዲያ እንዳደረግሁ ለብዙ ሰው ላስረዳ ሞክሬ ደክሞኛል፤ አንድ ጊዜ ጽፌው ይረፍልኝ። በእኛ አገር ሽማግሌ ሆኖ በሁለት ሰው መካከል የሚገባ ሰው ሥራው ይኸው ነው። አንደኛው ቤት ስገባ፣ «ለዚያ ውሻ እንዲህ በሉልኝ» ይለኛል። ሌላው ቤት ደርሼ፣ «አዝኖብሃል» እላለሁ። ይህን ጥቁር ጸጉር ሳለኝ ጀምሬ ሠርቻለሁ፤ በወሰን፣ በጋብቻ፣ በደም ነገር ሳይቀር። ማንም ውሸታም ብሎኝ አያውቅም። ሰሚውም ሞኝ አይደለም፤ አዝኖብሃል ስለው ፊቴን ያያል፣ ከመናገሬ በፊት ምን ያህል ጊዜ ዝም እንዳልሁ ያያል፣ ከዚያ ውሻ መባሉን ራሱ ይጨምርበታል። ክፉው ቃል ግን ከሰው አፍ ስላልወጣ በኋላ ሁለቱ አንድ ገበታ ላይ መቅረብ ይችላሉ። አንድን ሰው በሸንጎ ፊት፣ አንተ ነህ አታላዩ ማለትማ ከእኔ የሚወጣ ቃል አይደለም። ያውም ሊቀመንበሩን።

ስለዚህ በስብሰባው ላይ ያንኑ የተቆረጠውን ነገርኋቸው።

«ደስ ይለዋል አለ?» አለ ሊቀመንበሩ።

«አዎ፣ ደስ ይለዋል።»

«እንግዲህ ደስታውን ይቆየን፤ አሁን አዝመራ መሰብሰቢያ ነው።» ሰው ሳቀ።

ሴትዮዋ ከበሩ አጠገብ፣ «ሐኪሙስ መቼ ይምጣ?» አለች። ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስሁላትም። ፊቴን ያዩልኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ማንም ፊቴን አላየም። ሁሉም የሚያየው እጄ ላይ ያለውን ወረቀት ነበር።

ሊቀመንበሩ መልስ ላክ ተባለ። ቆሞ ተናገረ፦ «በሉልኝ አያ፣ በቅሎው የእኔ፣ ጀርባው የእኔ፣ ቁስሉም የእኔ። እሱ አስቀድሞ የራሱን ጉልበት ያስመርምር!» አሁንም ሳቁ። እኔ ይህን ይዤ ዳባት ወርጄ ለመምህርቷ፣ «ጥያቄህን በአክብሮት ተቀብለናል፣ ዝግጅት ላይ ነን በይልኝ» አልኋት። እንዴት አድርጋ እንደ ጻፈችው አላውቅም፣ ወኪሉ ደውሎ፣ «እንዲህ ያለ የጠራ እንግሊዝኛ ከደባርቅ መጥቶልኝ አያውቅም» ብሎ አመሰገነን። ለጀርመኑም ያንኑ አስተላለፈለት። ጀርመኑም አመነ። እሺ ብለዋል ብሎ ለጥር ሁለት ቡድን መዘገበ።

ኅዳር አለፈ። ሁለት ጊዜ ሊቀመንበሩ ቤት ድረስ ሄጃለሁ። «ያቺን በቅሎህን ብታሳርፋት» አልሁት፤ «አሳርፋታለሁ» አለኝ። ከዚያ የበለጠ አልተናገርሁም። እንደ ገባው ቆጠርሁት።

የሐኪሙ ፊርማ ስላልደረሰው ጀርመኑ ወኪሉን ጠይቆት ኖሮ፣ በታኅሣሥ የወኪሉ ሰው ሳይነግረን መጣ። ባለበቅሎዎቹ ተራ በሚጠብቁበት ሜዳ እየዞረ ከየበቅሎው ጀርባ ግላሱን ሁሉ ገለጠ። የሐኪም ፊርማ አምጡ አለ፤ የምን ፊርማ አሉት። ሰባት ገጣባ ቆጥሮ ፎቶ አንሥቶ በመጣበት መኪና ተመለሰ። ሳምንት ሳይሞላ የጀርመኑ ደብዳቤ መጣ።

መምህርቷ አነበበችው። አጭር ነው። መጨረሻው ላይ፣ «ደር ጹግ ኢስት አብገፋረን» ብላ እየተንተባተበች ጨረሰች።

«ምን ማለቱ ነው?»

«ባቡሩ ሄደ።»

«የትኛው ባቡር፣ አባቴ?»

የባቡሩን ነገር፣ ጊዜው አለፈ ማለቱ እንደ ሆነ፣ ልነግራት ስል ከጥቅምት ጀምሮ ያለውን ሁሉ አወጣሁት። እየሰማችኝ እስክሪብቶዋን ከደነችው። ዕድሜዋን ሙሉ ስታስተምር የኖረች ሴት ያጠፋ ተማሪን እንዴት እንደምታይ ያን ቀን አወቅሁ።

«በእኔ እጅ ነው የዋሹት» አለችኝ።

«አልዋሸሁም። ክፉውን አስቀረሁ እንጂ የሌለ አልጨመርሁም።»

«ዝግጅት ላይ ነን ብለው አስጻፉኝ። ማን ነበር የሚዘጋጀው?»

«ይዘጋጃሉ ብዬ ነው።»

«እንግሊዝኛው የእኔ ነው፣ ከሥሩ ስሜ አለበት። ወኪሉ አሁን ስለ እኔ ምን ይላል?»

እኔም ተቆጣሁ፣ እንዲህ በቀላሉ እጅ የምሰጥ ሰው አይደለሁም። «እኔ ሽማግሌ ነኝ፣ ቱቦ አይደለሁም! ከአንዱ አፍ የገባውን ሁሉ ለሌላው አላፈስስም።»

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «አባቴ፣ ሽማግሌ ሲገባ ሁለቱም ቤት ሽማግሌ መጣ ብለው ነው የሚሰሙት። የጎደለውን ሞልተው ይሰማሉ። እነዚህ ግን ሽማግሌ መጣ አላሉም፣ ወረቀት መጣ ነው ያሉት። ወረቀት ደግሞ ያለውን ብቻ ነው የሚል» አለችኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁበት ነገር አንዲት ሴት ሻይ እየጠጣች በሁለት ቃል ስታፈርሰው ተቀምጬ አየሁ፤ የከፋኝ ግን እሱ አይደለም፣ ልክ መሆኗ ነው።

እዚያው ለጀርመኑ የራሴን ደብዳቤ አስጻፍሁ። ማኅበሩ የጥቅምቱን ደብዳቤ አልሰማም፣ የሰማሁት እኔ ነኝ፣ የደበቅሁትም እኔ ነኝ፤ እነሱ ቢሰሙ ይሠሩት ነበር፤ ቅጣቱ በእኔ ይሁንና አንድ ቡድን እንኳ ላክ፣ በቅሎዎቹን አስመርምረን ፊርማውን እንልካለን፤ ይህንን አልሁ።

«እንዴት አድርጌ ልበለው?» አለችኝ።

«እንዳልሁት።»

«እንዳሉት ከሆነ ሻካራ ነው።»

«ይሻክር።»

መልሱን ሦስት ሳምንት ጠበቅን። በመካከሉ ለማንም አልነገርሁም፤ እሺ ቢል ስብሰባ ሳይደረግ ሐኪም አስጠርቼ ነገሩን አስተካክላለሁ ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አሁንም ያው ልማዴ ነው መቼስ። ከደባርቅ ፎቶ ኮፒ ቤት በየሦስት ቀኑ እየሄድሁ መጣ ወይ እላለሁ፤ ኔትወርክ የለም ይሉኛል። በቤቴ በኩል ሴትዮዋ በቅሎዋን ይዛ ስታልፍ፣ «ጥር እኮ ገባ አያ» ትለኛለች። «ገባ» እላታለሁ።

መልሱ መጣ። ምስማርም እንቁላልም የለበትም። «እምቢ ብላችሁኝ ቢሆን አዝኜ ሌላ መንገድ እፈልግ ነበር። እሺ ስላላችሁኝ ሰው መዘገብሁ፣ ለእነዚያ ሰዎችም ማፈሪያ ሆንሁ። ሌላ አገር ለሦስት ዓመት ተዋውያለሁ። አንተን ከልቤ አልጠላሁም። ሥራው ግን አበቃ።» መምህርቷ ይህን ወደ እንግሊዝኛ ለመገልበጥ አልተቸገረችም። ከሁሉም ደብዳቤ የቀለላት ይህ ነበር።

በማግስቱ ስብሰባ አስጠራሁ። ሁለቱንም ደብዳቤ፣ የጥቅምቱንና የመጨረሻውን፣ በጀርመንኛ እንደ ተባለ በአማርኛ ነገርኋቸው። አንዲት ቃል አላስቀረሁም። «አታለላችሁኝ» የሚለውን አልሁት። «የሊቀመንበራችሁ ናት» የሚለውንም አልሁት።

ሊቀመንበሩ ተነሣ። «ይህ መቼ የመጣ ደብዳቤ ነው?»

«በጥቅምት።»

«በጥቅምት የነገሩን ሌላ ነው።»

«ሌላ ነው።»

«ለምን?»

«ያንተ ስም ስለ ነበረበት። በሰው ፊት ላዋርድህ አልወደድሁም።»

ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። ተመልሶ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ጭኑ ላይ አደረገ። «አያ፣ አንቱ ነግረውኝ ቢሆን እኮ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት እሰድብዎት ነበር» አለ። «ጠዋት ሰድቤዎት ከሰዓት ሐኪሙን እጠራ ነበር። አያውቁኝም?»

አውቀዋለሁ። እንደዚያ ያለ ሰው ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ የማውቀው ሰው ምን ያህል ስድብ እንደሚችል እኔ ወስኜለት ነበር።

ሰው ሁሉ አንድ ላይ መናገር ጀመረ። አንዱ ሌላ ድርጅት እንፈልግ ይላል፣ ሌላው ጸሐፊውን በስልክህ ጻፍለት ይላል፣ አንዱ ደግሞ ድሮም ፈረንጅ እንዲህ ነው እያለ ያጽናናል። እኔን ማንም አልሰደበኝም፤ ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር። ሴትዮዋ ከበሩ አጠገብ ተነሥታ ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«አያ» አለችኝ፣ «እኔ ይህን ሁሉ አልተከተልሁትም። ይመጣሉ ወይስ አይመጡም?»

እግዜር ያውቃል የሚለው ቃል ከምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ስመልሰው የኖርሁት ቃል ነው።

«አይመጡም» አልኋት።

«ለዘንድሮ ነው?»

«ለሦስት ዓመት። ከዚያም በኋላ አይመጡም።»

ነጠላዋን አስተካከለች። «እንግዲያው ለአምባ ጊዮርጊስ ነጋዴ እህል ከገጠር ወደ መንገድ ማውረድ ነው። እሱ ኩንታል ሙሉ ነው የሚጭን፤ ጀርባዋ እንዳይገጥብ ብዬ እስከ ዛሬ በቅሎዋን ለእሱ አልሰጥም ነበር» አለችና ወጣች። እኔም ተከትያት ወጣሁ። በቅሎዋን ከአጥሩ ፈታች። ኮርቻ አልነበረባትም። በቅሎዋ በፊቴ ስታልፍ ጀርባዋን አየሁት፤ ከትከሻዋ እስከ ወገቧ አንዲት ጭረት የለበትም።